ቁጭ ብሎ መብላት

ነገሌ ቦረና
ጥቅምት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሶሬቲ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ናጋ ነሽ ወይ? ልጅሽ ትንቢት ደህና ናት፤ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ባለቤትሽ፣ ልጄ እስራኤልም ደህና ነው፤ መኪናውን ይዞ ሜጋ ይመላለሳል። ሁላችንም ደህና ነን ብዬ መቀጠል እንዴት በወደድኩ፤ ግን አልችልም። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ የጎረቤታችን የመሱዳ ልጅ ፋርሂያ ናት። አንቺ ወዳለሽበት ዱባይ ዕቃ ልታመጣ ትሄዳለች። ማዳምሽ ስልክሽን ከወሰደችብሽ ወዲህ ሌላ መንገድ ስላጣሁ ለምኛታለሁ።

ነገሩ የአባትሽ ነው። አባትሽ አይበሉም።

ዱብሉቅ ያሉት ከብቶቻቸው በድርቁ ማለቃቸውን ታውቂያለሽ። የመጨረሻዋ ላም ከወደቀች በኋላ እስራኤል ሄዶ እኔ ጋ አመጣቸው። መጀመሪያ ላይ ይበሉ ነበር። ዕድሜያቸውን ጠዋት ወተት ማታ ወተት ብለው የኖሩ ሰው፣ እኔ ምግብ ቤት ገብተው ፓስታ ሲቀርብላቸው አንዷን በጣታቸው አንጠልጥለው፣ ይሄ ትል ምን በልቶ ነው እንዲህ የረዘመው ብለው ደንበኛውን ሁሉ አሳቁ። የአገሬን ቆጮም አቀመስኳቸው። እንሰት ከሚባል ተክል እንደሚሠራ ሳስረዳቸው፣ ዛፍ የሚበላ ሰው ድርቅ ምን ያደርገዋል አሉኝ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይለምዱናል ብዬ ነበር።

እኔ ታዲያ አበላል በየቤቱ እንደሚለያይ አላውቅም አልልሽም። አባቴ ቤት ወንዶቹ በልተው ሳይነሱ እናቴ እጇን ወደ ምግብ አትሰድም ነበር። እነመሱዳ ትልቅ ትሪ ሩዝ መሀል ያስቀምጡና አዋቂውም ሕፃኑም ይከበዋል። ደርግ በወደቀ ማግሥት ሙሽራ ሆኜ እዚህ ስመጣ ደግሞ ያኔ የማበላቸው ወታደሮች ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ አንድ ዓይናቸውን በር ላይ ጥለው ነበር የሚጎርሱት። ሁሉንም አይቻለሁ፤ ሰው የማይለምደው አበላል የለም ብዬ ደምድሜ ነበር። የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው።

ስልክሽ ሳይወሰድ በፊት በመጨረሻ የላክሽልኝ ድምፅ ትዝ ይልሻል? አባትሽ ግቢ ውስጥ ምሳ ቀርቦላቸው ነበር። የልጃቸውን ድምፅ ይስሙ ብዬ ስልኩን ከፍ አድርጌ ከፈትኩት። በኦሮምኛ ስለነበር አንድም ቃል አላመለጣቸውም። እነማዳምሽ በልተው ከተነሱ በኋላ ኩሽና ውስጥ ቆመሽ፣ ከሳህናቸው የተረፈውን እንደምትበዪ ተናገርሽ። ለምጄዋለሁ እማዬ ብለሽም ሳቅሽ። እኔ እንኳ እናቴን አስቤ እንደ ቀላል ነገር አልፌው ነበር። አባትሽ ግን የያዙትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሱት።

«ቆማ ነው ያለችው?» አሉኝ።

አዎ አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል።

«ቆሞ የሚበላ ከብት ነው» አሉ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቁጭ ብላ እስክትበላ እኔም ለምግብ አልቀመጥም።»

ለሁለት ቀን የሚሆን ኩርፊያ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ጀምሮ ግን ምግብ ሲቀርብ ብድግ ይላሉ። በር ተደግፈው አንድ ሁለት ጊዜ ጎረስ ያደርጉና ይበቃኛል ይላሉ። ቀስ በቀስ አንዷም ጉርሻ ቀረች። አሁን ጉልበታቸው ስለከዳቸው መቆምም አልቻሉም፤ ተኝተዋል። ቀና ብለው ይቀመጡ ብዬ ትራስ ሳደርግላቸው በእጃቸው ይገፉታል። ከሻይና ከውኃ በቀር ወደ አፋቸው የሚገባ የለም።

ያልሞከርኩት የለም ልጄ። ከሜጋ ዘመዶቻችሁን አስመጣሁ፤ ሽማግሌዎቹ ሲለምኗቸው ዋሉና እኔ ምን በደልኳችሁ ተብለው ተመለሱ። ከጤና ጣቢያ የመጣችው ልጅ ግሉኮስ ሰካችላቸው፤ ዞር ስትል ነቀሉት። በመጨረሻ ወተት ቢሆን እምቢ አይሉም ብዬ የዱቄት ወተት በጠበጥኩ። እሳቸው ይዘውት የመጡትን ጮጮ እንደ እናንተ ወግ በእንጨት ጭስ አጥኜ፣ ወተቱን በዚያ ሞልቼ አቀረብኩላቸው። አሸተቱትና ዓይናቸው በራ። የማን ላም ናት ሲሉኝ የጎረቤታችን የሃያት ናት ብዬ ዋሸሁ። ጥጃዋ ጠብታለች ወይ አሉኝ። ጠግባለች አልኩ። ይኼኔ ትንቢትን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧትና ጮጮውን በሁለት እጃቸው ደግፈው እስኪያልቅ አጠጧት። በእንዲህ ያለ ዘመን የተገኘ ወተት የልጅ ነው አሉኝ። ዱቄት ነው ብላቸው አይነኩትም፤ የላም ነው ስላቸው ለልጅቷ ሰጡት። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ሶሬቲ፣ እኔ ሰው ሳበላ ያረጀሁ ሴት ነኝ። አሁን በቤቴ፣ ድስቴ እሳት ላይ እያለ፣ ሰው በረሃብ ሊሞትብኝ ነው። ፈርቻለሁ። የማደርገው ጠፍቶኛል።

ቁጭ ብዬ በላሁ ብለሽ እንድትዋሺላቸው ልለምንሽ አስቤ ነበር። ግን ገና ስትናገሪ ውሸትሽን ያውቁብሻል፤ አባት ናቸው። ስለዚህ እውነቱን አድርጊው። ማዳምሽ ፈቀደችም አልፈቀደችም፣ ወንበር ቢኖርም ባይኖርም፣ አንድ ቀን ለራስሽ ትኩስ ምግብ አውጪና መሬት ላይም ቢሆን ቁጭ ብለሽ ብዪ። ከዚያ በፋርሂያ ስልክ ቁጭ ብዬ በላሁ አባ በያቸው። እሷ ወዲያው ትልክልኛለች፤ እኔም ጆሯቸው ላይ አድርጌ አሰማቸዋለሁ። ያን ጊዜ ትራሱን የማይገፉት ይመስለኛል።

ቁጭ ብሎ መብላት የሚያስደበድብ ቤት ከሆነ ደግሞ ልጄ፣ ከዚያ ቤት ውጪ። ለእኛ አታስቢ። ፋርሂያ የምትጠጊባቸውን የአገራችንን ሴቶች ታውቃለች፤ ሁሉን ነግሬያታለሁ። ባዶ እጅሽን ብትመጪ የሚወቅስሽ የለም። አንቺ ስትመጪ ቤቱ ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

ይህን ስጽፍ አባትሽ ከተኙበት ሆነው ለማን እንደምጽፍ ጠየቁኝ። ለሶሬቲ ነው አልኳቸው። ድምፃቸው ሩቅ ስለሆነ ጎንበስ ብዬ ነው የሰማኋቸው።

«እንዳትጨነቅ» አሉኝ። «አባትሽ በልቷል፣ ጠግቧል ብለሽ ጻፊላት።»

ቃላቸውን ማጠፍ ነውር ስለሆነብኝ ይኸው ጽፌልሻለሁ። አባትሽ በልቻለሁ፣ ጠግቤያለሁ ብለውሻል። ለምሳ ያቀረብኩላቸው ሳህን አጠገቤ ነው፤ ዝንብ እንዳያርፍበት በአንድ እጄ እከላከላለሁ፣ በሌላው እጽፍልሻለሁ።

ፈጣሪ በሄድሽበት ይከተልሽ። ከክፉ ሰው እጅ ያውጣሽ። ቁጭ ብለሽ የምትበዪው እህል፣ አጠገብሽ የሚቀመጥ ሰው አያሳጣሽ። ቶሎ በይ ልጄ።

አማትሽ ሳልሆን እናትሽ፣
ዘሪቱ