የባህረዲን ቫይታሚን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን 2004
ኅዳር ሲታጠን ዋለ። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አቃጠለ፤ በሽታ እንዲሸሽ ነው አሉ። ሸሽቶ እኛ ሸማ ተራ ገባ መሰለኝ። አንዲት ገዢ ነጠላ እያገላበጠች እኔና ጎረቤቴ ሠርኬ ላይ አስነጠሰችብን። ሳትገዛም ሄደች! ማታ ጉሮሮዬን ከረከረኝ። ሠርኬም ትናፈጣለች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ግድ የለኝም። እሑድ ግን የእህል በረንዳው አለሙ ለልጁ ሚስት እንድንጠይቅለት ሽማግሌ ይልከናል። የዱባይ ተራው ባህረዲን፣ ልብስ ሰፊው ጋሽ ሰብሐት፣ እኔ። ተናጋሪው እኔ ነኝ። መርካቶ ውስጥ እንደኔ የሚናገር አለ እንዴ? ድምፄ ቢዘጋስ...

ረቡዕ፣ ኅዳር 13
ተዘጋ።

ባህረዲን ጠራኝ። ጫማ ነጋዴው ዛሬ ሐኪም ሆኗል። "ይሄን ዋጥ፣ ጉንፋን በሁለት ቀን ድራሹ ይጠፋል! ዱባይ ሁሉም ይሄን ነው የሚወስደው።" ዱባይ ደግሞ ምን ብርድ አለና? ተቀበልኩ። ቫይታሚን ሲ፣ የዓሣ ዘይት፣ ዚንክ... ዚንክ ለቆርቆሮ ነበር የማውቀው። ደግሞ አንድ ብልቃጥ ክብ ክብ ክኒን፣ ብርቱካን ብርቱካን የሚሸት።

ለሠርኬ ላካፍላት አልኩ። "አንተው ዋጠው፣ እኔን በራሱ ይለቀኛል።" ይለቀኛል! ማን ቀድሞ እንደሚድን እናያለን።

አርብ፣ ኅዳር 15
ጾም ገባ። የዓሣ ዘይት ክኒን የጾም ነው የፍስክ? ባህረዲንን ብጠይቀው "እኔን ነው የምትጠይቀኝ?" ብሎ ሳቀ። ትቼ ሌላውን እጥፍ አደረግኩ። ሆዴ ተረበሸ፣ ሽንት ቤት ስመላለስ ዋልኩ። ጉንፋኑ ግን ሥልጣን እንደያዘ ሰው ንቅንቅ አላለም። ይህን ደብተር ሰው እንዳያይብኝ...

ቅዳሜ፣ ኅዳር 16
ባህረዲን፦ "ሳይዝህ በፊት ብትጀምረው ነበር። እኔ ዓመቱን ሙሉ ነው የምወስደው።" ይህን ብሎኝ ሳይጨርስ አስነጠሰው። ሦስት ጊዜ። "አቧራ ነው" አለኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 17
ብጽፈው እፍረቴ ይቀንስ እንደሆነ...

የልጅቷ ቤት በር ላይ ከክቦቹ አንዷን እንደ ከረሜላ አፌ ውስጥ ጣል አደረግኩ። ድምፄን ትከፍታለች ብዬ። ለካ ውሃ ውስጥ ሟሙታ የምትጠጣ ናት! ገባን፣ ተቀመጡ አሉን። እንደ ደንቡ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ልል አፌን ከፈትኩ... አረፋ። ብርቱካናማ አረፋ፣ በአገጬ እየወረደ ጋቢዬ ላይ። የልጅቷ አክስት "በስመ አብ! ያዙት! ጸበል አምጡ!"

ባህረዲን ሳቁን ሊያፍን ሲታገል አስነጠሰው። ያኔ በዓመት አሥር ቃል የማይወጣቸው ጋሽ ሰብሐት፦ "ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል። ልጁ ጨዋ ነው። ይሄ ወንድማችን እንዲህ ታሞ እንኳ አልቀረም።" በቃ። የልጅቷ አባት እንባ አቀረሩ። ሌላው ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ያመላልሳል፤ እነሱ እዚያው እሺ አሉ።

ስንት ቀን ያሰናዳሁት ንግግር ሆዴ ውስጥ ቀረ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቀናሁ። በጋሽ ሰብሐት!

ረቡዕ፣ ኅዳር 20
ድምፄ ተመለሰ። ቫይታሚኑ ሠራ ብዬ ለሠርኬ ላበስር ሄድኩ። እሷ ገዢ እየጠራች ትጮኻለች።
"አንቺን መቼ ለቀቀሽ?"
"ትናንት።"
አንዲት ክኒን ሳትውጥ ቀደመችኝ። ለባህረዲን ብነግረው "ባትወስድ ኖሮ ወር ይቆይብህ ነበር" አለኝ። ይህን ሰው በምን ታሸንፈዋለህ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 21
ከወዲያ ማዶ ያለው ጋቢ ነጋዴ መጣ። ለወንድሙ ልጅ ሽማግሌ ይፈልጋል። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።
"ጋሽ ሰብሐት እሑድ ይመቻቸው ይሆን?" አለኝ።
ይመቻቸዋል አልኩ። ምን ልበል? ሊሄድ ሲል ዞር አለ።
"አንተም ና እንጂ። ያችን ክኒን ግን እንዳትረሳ።"

ባህረዲን አውርቶብኛል ማለት ነው። ከሄደ በኋላ ብልቃጡን አየሁት። ሁለት ቀርተዋል።