በራጁ ላይ የታዩት ነጭ መስመሮች

አሰላ፣ ጥር 25

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ልጆቹ፣ ጎረቤቱ፣ ደብረ ማርቆስ እንዴት ናችሁ? እዚህ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ዘንድሮ ጨክኗል። እኛ ደህና ነን ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። በስልክ ያልነገርኩሽ ባለቤቴ መርሻ ከአጠገቤ ስለማይለይ ነው።

ጥቅምት ላይ ከሳጉሬ መናኸሪያ እስከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ድረስ ሦስት ጊዜ እየቆመ ይሄድ ጀመር። ባቱ እንደ እንጨት ይደርቅበታል። ያው ስኳሩ ነው ብለን ተውነው። በታኅሣሥ የግራ እግሩ ትንሿ ጣት ጠቆረች።

ዶክተር ነቢላ የምትባል ሐኪም ራጅ አዘዘችለት። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ይዛ ብዙ ቆየች። ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጣቶቹ ሁለት ነጭ መስመሮች ይወርዳሉ። አጥንት መስሎኝ ነበር። «ደም ስሩ ነው፤ እንዲህ መታየት አልነበረበትም» አለችኝ። ካልሲየም ግድግዳው ላይ ረግቶ አድርቆታል።

ደሙ ሲመረመር ማግኒዚየሙ ከሚገባው ግማሽ እንኳ አልሞላም። ካልሲየሙ ደም ስር ላይ እንዳይረጋ ከሚከላከሉት አንዱ እሱ እንደሆነ ነገረችን። ስኳሩም ኩላሊቱም እጃቸው አለበት አለች። ቀጥላ ግን «ኦቦ መርሻ፣ የጨጓራ መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብላ ጠየቀችው። «ኦሜፕራዞል፣ በየቀኑ፣ ሰባት ዓመት» አላት። ሲቆይ ማግኒዚየምን ያወርዳል አለች።

እትዬ፣ ለሁለት ወር ብቻ የታዘዘለትን ከመድኃኒት ቤቴ እያነሳሁ ሰባት ዓመት የሰጠሁት እኔ ነኝ። ጨጓራው ሲያቃጥለው ማየት አልቻልኩም። ጉዳቱን ተምሬው ነበር፤ ረሳሁት ብልሽ ይቀለኝ ነበር፤ አልረሳሁትም።

ዶክተሯ ማን እንደሚሰጠው ስትጠይቅ አፌን ስከፍት መርሻ ቀደመኝ። «እኔው ከየቦታው እየገዛሁ ነው፤ እሷ አታውቅም» አለ። ወደ እኔ ዞሮ አላየም። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር እንደገባው አወቅሁ።

በጥምቀት ማግስት ሁለት ጣቶቹን ቆረጡለት። በሦስተኛው ቀን ብቻዬን ሄጄ ለዶክተሯ እውነቱን ነገርኳት። አልተቆጣችኝም፤ ካርዱ ላይ ጻፈችው። መድኃኒቱን አስቁማለች። ማግኒዚየም በብዛት ልስጠው ብዬ ለመንኳት። ኩላሊቱ ስለደከመ ያለ ልክ ከሰጠሁት ልቡን ሊያቆምበት እንደሚችል፣ የረጋውንም ይመልሰዋል ብላ ልትዋሸኝ እንደማትፈልግ ነገረችኝ። ጥቂት በጥቂት፣ በምርመራ እየሰጡት ነው። የልቡም ደም ስሮች መድረቅ ጀምረዋል።

ቤት ስንገባ ለምን ዋሸህ አልኩት። የመድኃኒት ቤቱን ፈቃድ ቢነጥቁሽ ማን ያስታምመኛል ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሳውም። የተማሪዎቹን ደብተር አርሞ ጨርሶ ለባልደረባው ላከለት። እኔ ግን አጠገቡ ቁጭ ብዬ እግሩን በእጄ እዳብሳለሁ፤ የቀኙም እየቀዘቀዘ ነው።

ትናንት ለፋሲካ እንደምትመጪ ነገርኩት። ደስ አለው። ትንሽ ቆይቶ «ፋሲካ ሩቅ ነው፤ ለቅበላ ትምጣ በያት» አለኝ።

እትዬ፣ ለቅበላ ነይ።

መድኃኔዓለም መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ስትገቢ ፊቱ እንዳታለቅሺ፣ አደራ።

ታናሽ እህትሽ