ከፈተናው በኋላ የተሰነጠቀው መነጽር

ጥቅምት ፫

ለኅሊናዬ፦

ይህን የምጽፈው ለአንተ ብቻ ነው። ማኅተም በእጁ የያዘ ሰው በየዕለቱ የሚጠይቀው ዳኛ ያስፈልገዋልና። ልደታ ያለው ፍርድ ቤት የተከሰሰውን ብቻ ይጠይቃል፤ አንተ ግን ሳልከሰስም ትጠይቀኛለህ።

በመነጽር መገጣጠሚያው የእኔ ሥራ መፈተንና ማተም ነው፤ ዛሬም እንደ ወትሮው። ወጣቱ ሙደሲር የፕላስቲክ ሌንሱን ከፍሬሙ ገጥሞ፣ ክንዱን በብሎን አስሮ፣ የስፖርት መነጽሮቹን በሣጥን በሣጥን አቀረበልኝ። ከየሣጥኑ ጥቂት አነሣሁ። የመፈተኛዋን የብረት ኳስ ከቱቦው አናት ለቀቅሁባቸው። ቻሉ። የሯጭ ላብ እንዲመስል በጨው ውሃ ነከርሁ። ክንዶቹን ከፈትሁ፣ ዘጋሁ፣ ከፈትሁ…

«ኧረ የኔታ፣ ይብቃው! የወፍጮ ቤት በር እንኳ እንዲህ አይንገላታም።»

አለ ሙደሲር እየሳቀ። ክንዱን ደግሜ ከፈትሁ። ልጁ ሳቅ ያበዛል። ሳቅ የሚያበዛ ሰው ምን ይሸፍናል?

ከፈተናው በኋላ እያንዳንዱን መነጽር እንደ ልማዴ በራሴ እጅ ጠረግሁ። ቀድሞ በሳሙናና በውሃ ነበር። የአዲሱ የአፍንጫ ላስቲክ ሙጫ ግን በሳሙና አልለቅ ስላለ፣ ከመስከረም ወዲህ በቤንዚን አድርጌዋለሁ። ስሜ ያለበት ዕቃ ንጹሕ ሆኖ መውጣት አለበት። አሸግሁ፤ አተምሁ።

«ከእኔ እጅ በኋላ ማንም አይነካውም» አልሁት አሠሪያችን ወንድምአገኝን። እውነት ነው።

ጥቅምት ፲፩

ቀመሪያ መጣች። መርካቶ ሆና ለስፖርት ዕቃ ሱቆች በጅምላ የምታከፋፍል፣ ዋና ገዢያችን። ሰላምታዋ አጭር ነበር። ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። የሌንሶቹ ጠርዝ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል።

«አባቴ፣ ይሄን ነው ፈተንኩ የሚሉት? ብስክሌት የሚነዳ ልጅ ዓይን ውስጥ ቢገባስ?»

«እሽጉ ተነክቶ ነበር?»

«ራሴ ነኝ የከፈትኩት። ማኅተምዎ እንዳለ ነው።» ከዚያ ወደ ወንድምአገኝ ዞረች፤ «ሁለተኛ እንዲህ ካየሁ፣ አንተና እኔ ጨረስን።»

ማኅተሜ እንዳለ ነው… ታዲያ ስንጥቁ በየት ገባ? ኳሷ አትዋሽም። የሚዋሽ ሰው ነው።

ጥቅምት ፲፪

ሙደሲር ጠንካራውን ከላይ፣ ደካማውን ከታች ይደረድር ይሆን? ዛሬ ሳልነግረው ከሣጥኑ ሥር አነሣሁ። ኳሷን ቻለ። ከሥር እንደማነሣ ማን ነገረው?

ደግሞ መሳቅ ትቷል። ስጠርግ ቆሞ እጄን አየ። እጄን ምን ያየዋል?

ጥቅምት ፲፬

ለወንድምአገኝ ነገርሁት። ደካማ ሌንስ የሚቀላቅለው ሙደሲር ነው አልሁ።

«እርግጠኛ ነዎት፣ የኔታ?»

«እኔ ያለ ነገር አልናገርም።»

ልጁ ተጠራ። «አላደረግኩም» አለ። ወደ እኔ ዞሮ አፉን ከፈተ… መልሶ ገጠመው። ወንድምአገኝ አሰናበተው፤ ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ።

ንጹሕ ሰው ስለ ራሱ መናገር ለምን ይሳነዋል?

ጥቅምት ፲፭

ገጣሚ ስለሌለ አሠሪያችን ራሱ ሲገጥም ዋለ። መልካም ሆነ። ሙደሲር ያልነካው መነጽር እንደማይሰነጠቅ በማስረጃ አሳያለሁ። ከገጠማቸው አንዱን እንደ ወትሮው ፈትኜ፣ ጠርጌ፣ ቤቴ ወስጄ ሣጥኔ ውስጥ ቆለፍሁበት። ሌላውን ፈትኜ ሳልጠርገው የሰርክ ጸሎት ደወል ስለተሰማ፣ መደርደሪያው ላይ ትቼው ወጣሁ።

ጥቅምት ፳

ሣጥኔን ከፈትሁ።

ተሰንጥቋል።

ቁልፉ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ ነው ያደረው። ማን ገባ? ማንም አልገባም። ሙደሲር አልገጠመው፣ አልያዘው፣ አላየው… ከተገጠመ በኋላ ከእኔ በቀር የነካው ማን አለ?

ጥቅምት ፳፩

ሌሊቱን የመደርደሪያው መነጽር ትዝ ሲለኝ አደረ። ጠዋት አነሣሁት። ደኅና ነው፤ አንድ ጭረት የለበትም። ከዚያኛው የሚለየው ምንድን ነው? ያልጠረግሁት መሆኑ ብቻ።

ጨርቁን በቤንዚን አራስሁ። ጠረግሁት። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ቀትር ሳይደርስ፣ ፍሬሙ ሌንሱን ጨብጦ በያዘበት ጠርዝ በኩል ቀጭን ስንጥቅ ወጣ። እያየሁት ረዘመ። ፕላስቲኩን የሚበላው ቤንዚኑ ነው።

ፈተናውን ሁሉ ያለፈው ዕቃ የወደቀው በእኔ ንጽሕና ነው።

መደበቅ ይቻል ነበር። ጨርቁን ወደ ሳሙና መልሶ ዝም ማለት። ማን ያውቃል? አንተ ታውቃለህ። ቀመሪያን አስጠራሁ፤ በወንድምአገኝ ፊት ሁሉንም ተናገርሁ።

«ቤንዚን?» አለች ጭንቅላቷን ይዛ። «አባቴ! የመኪና ሞተር ነው እንዴ የሚያጥቡት?»

ወንድምአገኝ አልሳቀም። «ልጁን በከንቱ አባረርኩት» ብቻ አለ። ማኅተሙን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁ።

ጥቅምት ፳፪

ሰንጋ ተራ ሄድሁ፤ ሙደሲር ወዳለበት ኮንዶሚኒየም። ደረጃው አደከመኝ፤ ከደረጃው ይልቅ የምናገረው ቃል ከበደኝ። በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፊት ቆሞ መገሠጽ ለምጃለሁ። በሰው ደጅ ቆሞ ይቅርታ መለመን ግን…

በሩን ራሱ ከፈተ።

«ሌንሱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ስምህን ያበላሸሁትም እኔ ነኝ። ወንድምአገኝ ነገ ግባ ብሎሃል። ይቅር በለኝ» አልሁት። ጉልበቱን ልይዝ ዝቅ ስል ትከሻዬን ይዞ አቀናኝ። ስቆ ያሾፍብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። ያለኝን ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ እነሆ ጻፍሁት፦

«የኔታ፣ መነጽሩን ከእኔ በኋላ የሚነኩት እርስዎ ብቻ እንደሆኑ ያን ቀንም አውቅ ነበር። አባቴን የሚያህሉ ሰው ጠርጥሬ ከምናገር፣ ሥራው ይቅርብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»