የአምበል ልጆች ሰኮና

ኅዳር 6
ሰኮና ስከረክም ዋልኩ። ወገቤ አልቋል። በወሩ መጨረሻ ገዢዎች ስለሚመጡ ኮርማዎቹን ማሳመር የኔ ሥራ ነው። ወንድሜ እንደ ልማዱ አጥሩን ተደግፎ ትእዛዝ ያዘንባል። «ሙሽራ አስመስያቸው!» ሙሽራ... ራሱ ጢሙን ከተላጨ ስንት ጊዜው!

ያቺ ቀይ ጊደር ግን እያነከሰች ነው። የኋላ ሰኮናዋ አንዱ ጣት ተጠማዞ ሌላው ላይ ወጥቷል፣ እንደ መቀስ። ገና ባለፈው ወር ከርክሜያት የለ? እንዴት በዚህ ፍጥነት?

ኅዳር 9
ወንድሜን ጠየቅኩት። «ወለሉ ነው፣ ሲሚንቶው» አለ። አምናም ወለሉ ነው ብሎ ሙሉውን ጎማ አስነጠፈበት። ዘንድሮ ደግሞ ጎማውን ልንከስ ነው?

ኅዳር 14
ወንዝ ማዶ ጎረቤታችን ጋ ሄድኩ። ከአምበል የተወለዱ ላሞች አሉት። አምበል አባዬ ከሩቅ ገዝቶ ያመጣው ኮርማ ነው፤ የበረታችን አባወራ፣ የአባዬ ኩራት። ጎረቤታችን ሲሚንቶ የሚባል ነገር የለውም፤ ከብቶቹ ሣር ላይ ውለው ሣር ላይ ያድራሉ። የላሞቹ እናቶችም የተለያዩ ናቸው። ግን ያው ጣት፣ ያው መጠማዘዝ... የሌላ ኮርማ ልጆች እዚያው አጠገባቸው ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ደንግጬ ቀረሁ።

ለከብት ሐኪሙ ደወልኩ። «በሽታ አይደለም፣ ውርስ ነው» አለኝ። በጥጃነታቸው አይታይም፤ ሲያድጉና ሲከብዱ ነው የሚወጣው። ጤነኛ የሚመስለውም ለልጁ ሊያስተላልፍ ይችላል። «ስትከረክሚ ሰኮናውን ታስተካክያለሽ እንጂ ዘሩን አታስተካክይም። ለሥጋ ሽጧቸው። ለዘር ግን አደራ!»

ኅዳር 15
ምሳ ላይ ነገርኳቸው። አባዬ ማንኪያውን አስቀመጠ። «አምበል ነው እንዲህ የሚባለው?» የወለደውን ልጅ የሰደብኩበት ነው የሚመስለው።

ወንድሜማ ሳቀብኝ። «እህትዓለም፣ መቼ ሐኪም ሆንሽ? የአምበል ስም ከጠፋ እኛም ጠፋን። ከርክሚና ዝም በይ።»

«አልከረክምም።»

«ምን?»

«ለዘር የሚሸጥ የአምበል ልጅ አልከረክምም። ሞቼ እገኛለሁ!»

ድምፄ እንዲህ እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ።

ኅዳር 16
ሁለቱም አኩርፈዋል። ያኩርፉ።

ኅዳር 22
ወንድሜ ራሱ ሊከረክም ገባ። ኮርማው አንድ ጊዜ ቢያነሳው ጭቃው ላይ ተዘረረ። ሳቄ አመለጠኝ። «ትስቂያለሽ? የአባቴን ቤት እያፈረስሽ?» አለኝ። ይቺ አንጀቴን አቆሰለችው። የአባቴን! የኔስ አባት ማን ነው?

ኅዳር 28
የመጀመሪያዋ ገዢ መጣች። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ያላትን ሁሉ ሰብስባ ከብት እርባታ ልትጀምር ነው። ወንድሜ አንዱን የአምበል ልጅ ረጅም ሣር ውስጥ አቁሞ ጠበቃት፤ ሰኮናው እንዳይታይ። ብልጥ! ገመዱን ከእጁ ነጠቅኩና ጠንካራው መሬት ላይ አወጣሁት።

አባዬ ከበረንዳው ጮኸ። «አንቺ ልጅ! መልሺው!»

አልመለስኩትም።

«እትዬ፣ እግሩን ይዩት። ከአባቱ የወረሰው ነው፣ ልጆቹም ላይ ይወጣል። ለሥጋ ከሆነ ሸጋ ነው። ለዘር ከሆነ ግን አይውሰዱት።»

ጎንበስ ብላ አየችው። እጄን ጨበጠችኝና ሳትገዛ ሄደች። አልቆጨኝም። ነገም ቢመጣ ያንኑ አደርጋለሁ።

ታኅሣሥ 2
አባዬ «በረት ውሰጂኝ» አለ። ምርኩዙን ይዞ ቆመ፣ አምበልን ወዲያ ወዲህ አስነዳኝ። ቀጥሎ ቀይዋን ጊደር። ቀጥሎ እህቶቿን። «ሐኪሙን ጥሪው» አለ በመጨረሻ። የአምበል ወንድ ልጆች በሙሉ ይኮላሻሉ። ሴቶቹም አይወልዱም። አምበል ራሱ ለሥጋ ይሸጣል።

አባዬ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ትክክል መሆን እንዲህ ያማል እንዴ?

ጥር 16
ከወንድሜ ጋር ኮርማ ልንገዛ ሄድን። የቀረበልን ኮርማ ሲያምር! ሰኮናው ተሞርዶ ያብረቀርቃል። አፌን ልከፍት ስል ወንድሜ ቀደመኝ። «ምን ሆኖ ነው ይህን ያህል ያሳመራችሁት? እስቲ እናቱን አሳዩን። እህቶቹንም።»

ባለቤቱ ሳቀ። «ኮርማ ነው የምትገዙት ወይስ ልጃችሁን ልትድሩለት ነው?»

«ያው ነው» አለ ወንድሜ፣ ፍንክች ሳይል።

ሰውየው ተቆጣ። እናቱን አላሳይም አለ፣ በሩን አሳየን። ባዶ መኪና ይዘን ተመለስን፣ መንገዱን ሙሉ ስንሳሳቅ።

አባዬ በረንዳው ላይ ይጠብቀን ነበር። «የታለ ኮርማው?»

«እናቱን አላሳይም አሉን» አልኩት።

ቁጣውን ጠበቅኩ። እሱ ግን መኪናውን አየት አደረገና «እኔም ያኔ አምበልን ትቼ ባዶዬን ተመልሼ ቢሆን ኖሮ» አለ።