አላጠበቅኩትም ያልከው ብሎን

ይድረስ ለባለቤቴ፣

እንዴት ሰንብተሃል? ጤናህስ? ወገብህ እንዴት ሆነልህ? እህትህ ባለፈው ሳምንት ብቅ ብላ ነበር። ስትቀመጥና ስትነሳ እንደምታቃስት፣ ጢምህም ሙሉ በሙሉ እንደሸበተ ነገረችኝ። ሽበቱ ያምርበታል ብላለች፤ እኔ ግን ሳላይ አላምንም። እዚህ ሁላችንም ደህና ነን። ሁላችንም ስል እኔና ግቢው ውስጥ የቆመችው ወይዘሪት ነን። እሷም ደህና ናት ከተባለ።

ከሄድክ ሰባት ዓመት ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የተጻጻፍነው ስለ ቤት ኪራይና ስለሚያፈሰው ጣሪያ ብቻ ነው። የዛሬው ደብዳቤ ሌላ ነው። መነጽርህን አድርግና ቁጭ ብለህ አንብበው።

እህትህ ስለ ሽበትህ ብቻ አይደለም ያወራችኝ። የምትጠብቀው መጋዘን በር ማጠፊያው ሲላላ ሰው ትጠራለህ አሉ። አንድ ብሎን ለማጥበቅ! ለምን አንተው አታጠብቀውም ብትልህ፣ የእኔ እጅ አይታመንም አልካት። እሷ ቀልድ መስሏት እየሳቀች ነው የነገረችኝ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ዕቃ ላጥብ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ወይዘሪትን ልሸጣት ነበር። አትቆጣ። ጎማዎቿ ተንፍሰው መሬት ነክተዋል፣ ጭነት መያዣዋ ላይ ሣር በቅሏል፣ ጎረቤቶች ዶሮ አርቢባት እያሉ ያሾፉብኛል። አንድ ገዢ ሲመጣ መጀመሪያ መካኒክ ይያት አለ። መካኒኩ አንተ ከሄድክ በኋላ መንገዱ ጥግ ላይ ጋራዥ የከፈተ ሰው ነው። አፉ አይዘጋም፤ በሥራው ግን ቀልድ አያውቅም። ኮፈኑን ከፈተና ራሱን እየነቀነቀ ይዘረዝርልኝ ጀመር። ሞተሩ ነክሶ አልዞር ብሏል፣ ወርዶ መታደስ አለበት፣ ራዲያተሩ ዝጓል፣ ሞተሪኖው አይሠራም፣ ቺንጊያው ተሰነጣጥቋል፣ ባትሪውማ ከሞተ ቆይቷል። የጠራልኝ ዋጋ የደህና ፒካፕ ግማሽ ዋጋ ነው። ይህችን ከማደስ አዲስ መውለድ ይቀልሻል አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ!

እውነቱን ልንገርህ፣ ዋጋውን በቅጡ አልሰማሁትም። ኮፈኑ ሲከፈት የወጣው ሽታ ይዞኝ ሄዶ ነበር። የቆየ ዘይት፣ ጎማ፣ ዝገት። ከትራስህ ላይ በየትኛውም ሳሙና አልለቅ ያለኝ ሽታ ነው። ስንት ቀን ተጨቃጨቅንበት! አሁን ትራሱ ንጹሕ ነው፤ ምን ይጠቅመኛል?

እናቴ በተወችልኝ ገንዘብ ስንገዛት ትዝ ይልሃል? ያኔም አሮጊት ነበረች። ወይዘሪት ያልካት አንተ ነህ፤ ጠዋት ጠዋት ሳትለመን አትነሳም ብለህ። እኔ እነዳለሁ፣ አንተ ትጭናለህ፣ ትጠግናለህ። አሥራ አንድ ዓመት የሰው የቤት ዕቃ አመላለስን። የሰው ፍራሽ በጠራራ ፀሐይ ሲታይ አንተ ታፍርለት ነበር፤ በሸራ ሳትሸፍነው አንሄድም ትለኝ ነበር። ባለ መስታወት ቁም ሣጥን የጫንን ቀን ደግሞ በየመንገዱ ያለው ሰው ሁሉ ፀጉሩን ሲያስተካክል እያየን በሳቅ እንሞት ነበር። ያ ጆሮህስ! ወጥ ቤት ቆመህ ሽንኩርት እየከተፍክ እኔ ግቢ ውስጥ ሞተር ሳስነሳ፣ ሦስተኛዋ ካንዴላ አልተኮሰችም ብለህ ትጮህብኝ ነበር። ወጥተህ ስታያትም እውነትህን ነበር።

ኩርፊያችንንም አልረሳሁትም። እኛ ስንጣላ መጯጯህ አናውቅም፤ መዘጋጋት ነው። አንዳንዴ አራት ቀን ሙሉ፣ በአንድ ጋቢና ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን አንድ ቃል አይወጣንም። ዘመድ ገብቶ አስታርቆን አያውቅም። የምታስታርቀን ወይዘሪት ነበረች። ዳገት ላይ ትግላለች፣ ወይ ታጨሳለች፣ ወይ ቺንጊያዋን ትበጥሳለች። እኔ ሙቀቷ ወጣ እላለሁ፣ አንተ ውኃውን አቀብዪኝ ትላለህ፣ በዚያው እንታረቃለን። ማን ቀድሞ እንደተሸነፈ ሳይታወቅ።

አሁን የምጽፈው የልብስ ሰፊዋን ዕቃ የጫንን ቀን የሆነውን ነው። ያንተን ታውቀዋለህ፤ የእኔን አታውቀውም።

ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ወደ ኋላ ስነዳ አጥር ገጭቼ ነበር። አንተ ከተሸካሚዎቹ ጋር ቆመህ፣ እሷ መንጃ ፈቃድ በሎተሪ ነው የወጣላት አልክ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ቤት ውስጥ ብትለኝ እኔም አብሬህ እስቅ ነበር። በሰው ፊት ግን አንገቴን አስደፋኸኝ። ተዘጋሁ። በማግስቱ ጠዋት ዘይት ቀየርክ፣ እጅህን በጨርቅ ጠራርገህ ገባህ፣ ሳንነጋገር ተነሳን።

ዳገቱን ስንጀምር ቀይዋ የዘይት መብራት በራች። አየኋት። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አንተ ፊትህን ወደ መስኮቱ አዙረህ ነበር። መብራቷ በራች ብልህ እንታረቃለን። እኔ ደግሞ ያን ቀን መታረቅ አልፈለግኩም። ዳገቱን ልጨርስና ራሱ ያየዋል አልኩ። ከዚያ ሞተሩ ያንኳኳ ጀመር። ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩት። ጫፉ ላይ ሳንደርስ ነክሳ ቆመች።

ዝናብ ይዘንብ ነበር። ከሥር ገብተህ ስትወጣ መዳፍህ ዘይት በዘይት ሆኗል። ከማፍሰሻው ብሎን ነው የሚንጠባጠበው፣ ጠዋት አላጠበቅኩትም፣ እናትሽ የተወችልሽን ገንዘብ በገዛ እጄ በላሁት አልከኝ። መፍቻ ቁልፍ አምጥተህ ብሎኑን እንኳ አልሞከርከውም። በራስህ ላይ ለመፍረድ ቸኮልክ። እኔም ዝም አልኩ። ያኔ ያልተናገርኩት አኩርፌ አልነበረም፤ ፈርቼ ነው። የመፍቻ ሳጥንህን ለሰው ስትሰጥ ዝም አልኩ። ለሁለት ወር ሥራ አገኘሁ ብለህ ሻንጣህን ስትይዝም ዝም አልኩ።

አሁን መካኒኩ ያገኘውን ስማ። ከሞተሩ ጀርባ፣ እጅ በማይገባበት ቦታ፣ እንደ እርሳስ የቀጠነች የዘይት ቱቦ አለች። እርጅና ሰንጥቋታል። ዘይቱ የተረጨው ከእሷ ነው። በሞተሩ ጎን ተንጠፍጥፎ ወርዶ፣ ከሁሉ ዝቅ ያለው ብሎኑ ስለሆነ እዚያ ይንጠባጠባል። የወረደበት መንገድ እስከ ዛሬ ጥቁር ሆኖ ደርቋል፤ በእጅ ባትሪ እያበራ አሳይቶኛል። ብሎኑስ አልኩት። ከሥር ገባና ቁልፍ አስገብቶ ጎተተ፤ ንቅንቅ አላለም። እንደገና በሁለት እጁ ጎተተ። ይሄን ያሰረው ሰው ዳግመኛ ሊፈታው አላሰበም ብሎ እያላበው ወጣ። እኔ ግቢው መሃል ቆሜ አለቀስኩ። መካኒኩ በዋጋው ያለቀስኩ መስሎት፣ ግድ የለም ትንሽ እቀንስልሻለሁ አለኝ።

እጅህ ምንም አልበደለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሰባት ዓመት የእኔን ጥፋት ተሸክመህ ኖርክ፣ እኔም እያየሁ አሸከምኩህ። ይቅርታ የሚለው ቃል ያንሳል፤ ሌላ ቃል ግን አላውቅም። ይቅር በለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል። አንዲት ካንዴላ ሳትተኩስ ስትቀር ከወጥ ቤት የሚሰማ ጆሮ፣ አጠገቡ ሞተሩ እንዲያ ሲያንኳኳ ምን ሆኖ ነው ያልሰማው? ሬዲዮው ያን ያህል ይጮህ ነበር? መልስልኝ አልልህም። እኔ የራሴን ነው የነገርኩህ።

ወይዘሪት አልተሸጠችም፤ ገዢውን አሰናብቼዋለሁ። ትናንት መካኒኩ ብሎኑን በግድ ሊያስለቅቅ ረጅም የብረት ቧንቧ ይዞ መጣ። ተወው አልኩት። ዘይቷ ሳይፈስ እንዴት ልሥራ ብሎ ተቆጣ። ይቆይ አልኩት። ይቺ ሴትዮ ጤና የላትም እያለ ሄደ። ስለዚህ ብሎኑ ያን ቀን ጠዋት አንተ እንዳሰርከው ነው፤ ማንም አልፈታውም። የእኔን ቃል እንድታምን አልጠይቅህም፤ የምታመን ሰው አልሆንኩልህም። መጥተህ በገዛ እጅህ ሞክረው። ቁልፍ የለኝም እንዳትል፣ አሥራ ሰባት ቁጥር መፍቻ ገዝቼ ጋቢናው ውስጥ አስቀምጬልሃለሁ። መኪናዋ ትነሳ አትነሳ ግድ የለኝም። አንተ ከሥሯ ተኝተህ፣ ያ ብሎን አልፈታ ብሎህ ስትታገል ማየት ነው የምፈልገው።

ፈጣሪ ወገብህን ይማርልህ፣ መንገድህን ያቅናልህ፣ ክፉ አይንካህ። ማታ ማታ ብርድ አለ፤ ስትመጣ ወፍራሙን ሹራብህን ልበስ።

አሁንም ሚስትህ