ወረቀታቸው የወደቀ ጠርሙሶች

ደብረ ታቦር፣ በቤቴ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኔ ይሻው ትእዛዝ፣ የኮሌጁ ኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ጡረተኛ ቴክኒሻን፣ ሳንባዬ ደክሟል እንጂ አእምሮዬ አልሳተም። ማንም ሳያስገድደኝ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ቃሌን አስጽፋለሁ። ጸሐፊው ደምሴ ነው፤ ሳስል እየጠበቀኝ ይጽፋል።

አንደኛ። ቤቱና የጉናው የገብስ ማሳ ለልጄ ለገነት ይሁን። «አባዬ፣ ዛሬስ በጊዜ ይመጣሉ?» እያለች አደገች። በጊዜ የመጣሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሁለተኛ። ነጭ ጋወኔ ለማንም አይሰጥ።

ሦስተኛ፣ ዋናው። ላቦራቶሪውን የሚያድሱት ሠራተኞች ሰኞ የመጋዘኑን መደርደሪያ ማፍረስ ይጀምራሉ። እዚያ ስድሳ አንድ ጠርሙስ አለ። ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት በአሲድ ትነት ተበልቶ ወድቋል። አዲስ አልለጠፍሁም። በየዓመቱ ቆጠራ ቅጹ የሚጠይቀው ቁጥር ብቻ ነበር። «ጠርሙስ፣ 61» ብዬ እፈርማለሁ። ውስጡን የማውቀው በተቀመጠበት ቦታ ነው። ከቦታው ከተነሣ እኔም አላውቀውም።

ለምን እንዲህ አደረግሁ? ለትምህርት ሦስት ጊዜ ተመዝግቤ ሦስት ጊዜ ታለፍሁ። እኔ ብቻ የማውቀው ክፍል ያለ እኔ አይከፈትም አልሁ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ ነበር። የለም።

እድሳቱን ያስጀመረችው ተማሪዬ የነበረችው መምህርት ትዕግሥት ናት። ስድስት ዓመት ደብዳቤ ጻፈች። ጭስ የሚያወጣ ማራገቢያ፣ የማይቋረጥ ውኃ፣ ለምርምር የሚበቃ መሣሪያ። ሰኞ ጠርሙሶቹን የሚያነሣው የእርሷ እጅ ነው።

ስለዚህ የዚህ ኑዛዜ ቅጂ ነገ ጠዋት ይድረሳት። ሃምሳ ስምንቱ በተያያዘው ወረቀት በየቦታቸው ተጽፈዋል። ሦስቱን በቃሌ እናገራለሁ።

ላይኛው መደርደሪያ፣ ከበሩ በኩል አራተኛው፦ ፒክሪክ አሲድ። ደርቋል። ክዳኑ ቢዞር ሊፈነዳ ይችላል።

ከሥሩ ያለው ጥቁሩ፦ ኤተር። አርጅቷል። እርሱም አይከፈት።

ታችኛው ማዕዘን ላይ ያለው ትንሹ...

እዚህ ላይ ደምሴ ብዕሩን አንሥቶ ጠበቀኝ። የኮሌጁ ዘበኛ ወርቁ ወደ አልጋዬ ጠጋ አለ።

«አያ ይሻው፣ ደከምዎ?»

«ይህን አላውቀውም።»

«አንቱ ያላወቁትን ማን ያውቃል? አንድ ስም ይስጡትና ይለቅ። ውኃ ነው ይበሉ።»

«ውኃ ከሆነማ አንተ ቅመሰው» አለችው ጎረቤቴ እቴነሽ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳሉ ተነሣብኝ።

ስም ሰጥቼው መሞት እችል ነበር። አዋቂ እንደ ተባልሁ እቀበር ነበር። ግን ሰው ስም የሌለውን ይፈራል፤ ስም ያለውን ይደፍራል።

ደምሴ፣ እንዲህ ብለህ ጻፍ፦ «ይሻው አያውቀውም።»

ሦስቱን የሚያስወግድ ባለሙያ ሳይመጣ መደርደሪያው አይነካ። ሰኞም ቢያልፍ ይለፍ። ከዚያ ወዲያ ግን ሥራው ለእኔ ቀብር እንኳ እንዳይቆም።

ይህ ሁሉ ተነብቦልኝ ሰማሁ። ወርቁ «ያቺን ‹አያውቀውም› የምትለዋን እንሰርዛት?» አለኝ። አትሰረዝም ብዬ ፈረምሁ።

ተናዛዥ፦ ይሻው ትእዛዝ (ፊርማ)

ምስክሮች፦ ቄስ አምላኩ ደስታ (ፊርማ)፣ ወርቁ ጌጡ (ፊርማ)፣ እቴነሽ ሙላቴ (የጣት አሻራ)፣ ሀብታሙ ፋሲካ (ፊርማ)