ስለ ተቃጠለው በርበሬዬና በደጄ ስለ ታጠረው እሾህ

ለተከበሩ ባላምባራስ ከተማ፣ ለሰፈራችን ሹም፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ሳሉ ተሻለዎ? የዓይንዎስ እንባ ደረቀልዎ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ደኅና መሆኔን ግን እርስዎ ስላልፈቀዱልኝ፣ በአራዳ የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ ያነባት ዘንድ ይህችን ደብዳቤ በአጥሬ ላይ ወደ ውጭ አንጠልጥያታለሁ።

አንደኛ፤ በህዳር ፲፪ የየቤቱ ጉድፍ ተጠርጎ ይቃጠል ብለው ማዘዝዎን ከልቤ አመሰግናለሁ። ባለቤቴን አልጋነሽን የወሰደብኝ ያ የህዳር በሽታ ስለሆነ፣ በዚያ ቀን ከእኔ ቀድሞ መጥረጊያ የሚያነሳ የለም። ዘንድሮም ግቢዬን ጠርጌ፣ ጉድፉን ከደጄ ከምሬ፣ ወደ ጊዮርጊስ ሄድኩ። ስመለስ ሰዎችዎ የእኔን ጥረጋ ንቀው እንደገና ጠርገውልኝ ቆዩኝ፤ ከማድቤቱ ጥግ በተሰነጠቁ ጋኖች ያሳደግሁትን በርበሬ ከነቀይ ዛላው ነቅለው ጉድፍ አድርገውታል።

ሁለተኛ፤ ጉድፍ ያሉት ነገር ምን እንደነበረ ላስረዳዎ። በርበሬ ቆላ ይወዳል፤ በእኛ ብርድ የሚያድገው በልመና ነው። ጋኑን የማድቤት እሳት ወደሚያሞቀው ግድግዳ ማስጠጋቱ፣ ለተባዩ አመድ መነስነሱ፣ የጥቅምት ውርጭ ሲመጣ ማታ ማታ ሰሌን ማልበሱ ሁሉ የአልጋነሽ ሥራ ነበር፤ ከእርሷ በኋላ መጽሐፍ በቆዳ መደጎስ ብቻ የሚያውቅ እጄ ተማረው። ከእርሷ ዘር በየዓመቱ ምርጥ ምርጡን እያስቀረሁ መልሼ እዘራ ነበር። ወንድ በርበሬ ሲኮተኩት ያየ ጎረቤት ስቆብኛል፤ ይሳቅ። ከእጇ ሥራ በሕይወት የቀረልኝ እርሱ ብቻ ነበር።

ሦስተኛ፤ ነቅለው ቢተዉት እንኳ ባልከፋኝ ነበር። ከጉድፉ ላይ ጥለው እሳት ለቀቁበት። በርበሬ ሲቃጠል ምን እንደሚያደርግ ወጥ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሹም ግን ማድቤት ስለማይገባ አይፈረድብዎትም። ሰፈሩ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል አስነጠሰ፣ ሳለ፣ አለቀሰ፤ እርስዎም በበቅሎዎ ላይ እንዳሉ አፍንጫዎን በኩታዎ ይዘው በሽታው ተመለሰ ብለው ጮኹ። ጭሱ ከእኔ ደጅ ስለተነሳ በሽታውም የእኔ ሆነ። ስመለስ እኔን ወደ ውስጥ አስገብተው ደጄን በእሾህ አጠሩት፤ ዘበኛ አቆሙበት። በዚያን ቀን ከሰፈሩ ሰው ያላሳልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩና።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። አንዲት ችግኝ ከነአፈሯ ከእሳቱ ወደ ዳር ተንከባልላ ተርፋለች። ከእሾሁ ወዲያ፣ ከዘበኛዎ እግር አጠገብ ተጋድማ፣ በአጥር ቀዳዳ አያታለሁ። ትናንት ቅጠሏ ቀና ብሎ ነበር፤ ዛሬ ጠውልጓል። ጎረቤቴ ወይዘሮ ሰዓዳ በቅል ውሃ ይዛ ብትመጣ፣ ዘበኛው በሽታው አንቺንም ይዞሻል ብሎ መለሳት። ባላምባራስ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። እሾሁን ባያነሱልኝ እንኳ ችግኟን ውሃ እንዲያጠጧት ይፍቀዱ። አልጋነሽ በዚያ ህዳር የሞተችው እኔም አጠገቧ ወድቄ፣ ደጃችንን ሰው ሁሉ ፈርቶት፣ ውሃ የሚያቀብላት ጠፍቶ ነው። ያንኑ ዳግመኛ በቀዳዳ ማየት አልችልም።

ለሰፈሩ ጤና ሲሉ ያፈሰሱትን እንባ ዘወትር የማልረሳ፣ በእሾህዎ ተከብሬ በአጥርዎ ተጠብቄ የምገኝ፣

ደጓሽ አስገዶም

የተረሳ ቃል፤ ሰዎችዎ እሳቱን ከመለኮሳቸው በፊት ምርጥ ምርጡን ዛላ በኩታቸው ቋጥረው ወደ ቤትዎ መውሰዳቸውን ሰፈሩ አይቷል። እባክዎ አንዱን ዛላ ከምድጃዎ ፍም ላይ ጣል ያድርጉት። ቤተ ሰብዎ ካላሳለ እኔ በእውነት በሽተኛ ነኝ፤ ካሳለ ግን ለደጅዎ አዲስ እሾህ በማስቆረጥ አይድከሙ፣ የእኔን ፈትተው ይውሰዱት። ከዛላው የተረፈ ካለ ግን አያስወቅጡት፤ ዘሩ የአልጋነሽ ነው።